ከቁራኛ እስከ 48 ሰዓት

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላል የሀገራችን ሰው። በቅሎ በዚያን ዘመን እንደ ዋዛ የምትታይ ሀብት አልነበረችም። የባላባት ክብር፣ የካህን ማዕረግ፣ የነጋዴ ጉልበት ነበረች። ጭብጦ ደግሞ መንገደኛ ቋጥሮ የሚይዛት፣ በጥቂት ጉርሻ የምታልቅ ስንቅ ናት። ምሳሌውን ያወጣው ሰው ሁለቱን በአንድ ሚዛን ያስቀመጠው ዋጋቸውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ዳኛ ፊት ቆሜ፣ አቤት ብዬ፣ ተሰምቼ ብረታ ባጣሁት ሀብት አልከፋም፤ ሳልሰማ የተወሰደችብኝ ግን ቁራሽም ብትሆን ታንገበግበኛለች ማለቱ ነው። ይህ ሰው የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ነገር ግን የሕግ ምሁራን በብዙ ጥራዝ የሚተነትኑትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶታል።

እንግዲህ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ይህን ያህል ካሳዘነች፣ ያለ ፍርድ የሄደ ሰውስ? በዚህ ጽሑፍ ለማንሳት የፈለግሁት ጥያቄ ይኸው ነው። ስለ ወንጀል ሕጋችን ታሪክ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ቅጣቱ ነው፤ ማን ተሰቀለ፣ ማን ተገረፈ፣ ማን ስንት ዓመት ተፈረደበት። እኔ ግን ማየት የምሻው ከዚያ በፊት ያለውን ጊዜ ነው። አንድ ሰው ከተያዘባት ሰዓት አንሥቶ ዳኛ ፊት እስከሚቆምባት፣ ከዚያም ክሱ እስከሚነገረው ድረስ ያለችውን ጊዜ። ሕጎቻችን በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተሻሽለዋል። የግለሰብ መብት በእርግጥ መሻሻሉን ለማወቅ ግን ይህችን ጊዜ መለካት፣ በእርሷም ውስጥ የመዘግየቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይበቃል።

ሁለቱም የሚታሰሩበት ዘመን

የዛሬ ሰው «ቁራኛ» የሚለውን ቃል የሚያውቀው «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» ወይም «የቁም ቁራኛ» ሲባል ነው። ቃሉ ግን ከአንድ የቆየ የፍርድ ሥርዓት የተረፈ ነው። ከሳሽ ተከሳሹን፣ አበዳሪ ባለ ዕዳውን ይዞ ዳኛ እስኪያገኝ ድረስ የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። ነገሩ ቀለል ሲል ወይም ሰንሰለት ሲታጣ የሁለቱ ኩታ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል። በየዘመኑ ወደ ሀገራችን የመጡ የውጭ ሀገር ተጓዦች ይህን አይተው በመገረም ጽፈዋል፤ ሥዕሉንም ስለዋል። ሁለት ባላንጣዎች አብረው እየሄዱ፣ አብረው እያደሩ ዳኛ ፍለጋ ይጓዛሉ። መንገድ ላይ ያገኙትን ሽማግሌ «በሕግ አምላክ» ብለው አቁመው ዳኘን ማለትም የተለመደ ነበር።

ለዘመናዊ ሰው ይህ የኋላ ቀርነት ምልክት ሊመስል ይችላል፤ በብዙ መልኩም ነው። ነገር ግን ጠጋ ብለን ስናየው ቁራኛ አንድ የማይናቅ ብልሃት ነበረው። ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ ነበረው። ከሳሹም ታሳሪ ነው። እርሻው ያድርበታል፤ እንቅልፉ ይረበሻል፤ ከሚጠላው ሰው ጋር ውሎ ያድራል። በመሆኑም ነገሩ ቶሎ ዳኛ ፊት እንዲደርስ ከተከሳሹ ባልተናነሰ ይቸኩላል። በሐሰት የሚከስ ሰውም የራሱን እጅ ለሰንሰለት ማቅረብ እንዳለበት ስለሚያውቅ ሁለቴ ያስባል።

ያን ዘመን ግን ላሞካሸው አልፈልግም። ሀብታሙ በራሱ ፈንታ አሽከሩን አስቆራኝቶ ቤቱ ሊያድር ይችል ነበርና ሰንሰለቱ እኩል የሚያስረው እኩያሞችን ብቻ ነው። ከቁራኛው ጎን ሌባ ሻይ ነበር። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ምስክር የለም፤ መከላከያ የለም። ከጎኑ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነበር። ወንጀለኛው ባልታወቀ ጊዜ የአካባቢው ሰው በሙሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ እንዳይበተን ይደረጋል፤ ካልወጣም ሁሉም በጋራ ይከፍላል። የሰረቀ እጁን፣ የሸፈተ እግሩን የሚያጣበት ቅጣትም ነበር። ነፍስ የገደለ ለሟች ወገን ተሰጥቶ ደም በደም ይመለሳል፤ ወይም በካሳ ይታረቃል። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ወገን አለ፤ አገር አለ፤ መንደር አለ። ብቻውን የቆመ፣ «እኔ» ብሎ መብት የሚጠይቅ ሰው ግን ቦታው እጅግ ጠባብ ነበር።

የተጻፈው ሕግ ፍትሐ ነገሥት ነበር። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብጻዊው የቅብጥ ሊቅ ኢብን አል ዓሳል በዐረብኛ ተሰናድቶ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። ሊቃውንቱ እያነበቡ፣ መሳፍንቱ እየሰሙ ብዙ ዘመን ኖሯል። ነገር ግን ቋንቋው ግዕዝ፣ መገኛው ቤተ መንግሥትና ገዳም ስለነበር፣ ሜዳ ላይ ለሚቆራኘው ገበሬ ከርሱ ይልቅ የሚቀርበው የመንደሩ ሽማግሌ ነበር።

የሁለት ቀን የእግር መንገድ

ዘመናዊው ሕግ ማውጣት በ1923 ዓ.ም. ይጀምራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑበት በዚያ ዓመት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ሐምሌ 9 ቀን ደግሞ የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ታወጀ። ሕገ መንግሥቱ ኢትዮጵያዊ ያለ ሕግ እንዳይያዝ፣ እንዳይፈረድበት፣ እንዳይታሰር ደነገገ። በሌላ አንቀጹ ግን የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ጦርነት ወይም የሕዝብ መከራ በመጣ ጊዜ በእነዚህ መብቶች እንደማይገደብ ይገልጻል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል በሕግ ቋንቋ ተጻፈ ማለት ነው። መብት የሚሰጠው እጅና የሚነሳው እጅ አንድ ነበር።

ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚደንቀኝ የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት 51ኛ አንቀጽ ነው። የተያዘ ሰው ሁሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ ይላል። በዚያ ግን አላበቃም። ሰውየው የተያዘበት ቦታ ከፍርድ ቤቱ በእግር እንጂ በሌላ መንገድ የማይደረስ፣ ርቀቱም ከ48 ሰዓት የማያንስ ከሆነ ዳኛው ጊዜውን ሊያራዝም ይችላል ይላል። ይህን ያረቀቁት ሰዎች ሀገሪቱን ያውቋት ነበር። መኪና የማይገባበት ቆላ፣ ድልድይ የሌለው ወንዝ፣ በሬሳ ቃሬዛ ላይ ካልሆነ በሽተኛ የማይወጣበት ገደል እንዳለ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ለመዘግየት የፈቀዱት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ የእግር መንገድ። «ምርመራዬን አልጨረስኩም» የሚለውን የፖሊስ ምክንያት በዚያ አንቀጽ ውስጥ አታገኙትም። 

ከዚህ በኋላ የሕግ መጻሕፍቱ ዘመን መጣ። የፍትሐ ብሔሩን ረቂቅ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ፣ የወንጀሉን ደግሞ የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን አዘጋጁ። የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ በአዋጅ ቁጥር 158 ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. ታውጆ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። በሕግ ያልተከለከለ ነገር ወንጀል አይደለም፣ ዳኛ ከሌላ ጉዳይ ጋር እያመሳሰለ አዲስ ወንጀል አይፈጥርም የሚለው መርሕ በ2ኛው አንቀጹ በግልጽ ተቀመጠ። ሰው ስለ ዘመዱ ጥፋት የማይጠየቅበት፣ በጎረቤቱ ሌብነት የማይከፍልበት ሕግ ነው። ከአፈርሳታ ከመጣን ይህ ትልቅ ርምጃ ነው። የድሮው ግን ጨርሶ አልተሸኘም። የጅራፍ ቅጣት በአንቀጽ 120 ሀ ገብቶ ከስዊዘርላንዱ ምሁር ሥራ ጎን ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር ላንሳ። የሕጉ የአማርኛ ስም «የወንጀለኛ መቅጫ» ነው። ስሙ ራሱ ወንጀለኛ አለ፣ መቅጫውም ይኸው ይለናል። ከአራት ዓመት በኋላ ሰው እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚመረመር፣ እንዴት እንደሚከሰስ የሚወስነው ሕግ ሲወጣም «የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት» ተባለ። ገና ያልተፈረደበትን፣ ነፃ ሆኖ ሊወጣ የሚችለውን ሰው የሚመለከተው ሕግ ከመግቢያው በር ላይ «ወንጀለኛ» ብሎ ይቀበለዋል። ስም ነው፣ ምን ያመጣል እንል ይሆናል። ነገር ግን ዛሬም ድረስ በየዜናው «ወንጀለኞቹ ተይዘው ምርመራ እየተጣራባቸው ነው» የሚል አነጋገር የምንሰማው ለምን ይመስላችኋል? ተይዘዋልና ወንጀለኛ ናቸው፤ ምርመራው ለሥነ ሥርዓት ያህል ነው የሚል ትርጉም በቋንቋችን ውስጥ ሥር ሰዷል።

አሥራ አራት ቀን፣ ደግሞ አሥራ አራት ቀን

የሥነ ሥርዓቱ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 185 ጥቅምት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. ወጣ። በማዘጋጀቱ ሥራ እንግሊዛዊው ዳኛ ሰር ቻርልስ ማቲው ተሳትፈዋል። በሕጉ ውስጥ የሚያኮሩ አንቀጾች አሉ። ተጠርጣሪው ለፖሊስ ያለመናገር መብት አለው። የተያዘ ሰው ወዲያው ጠበቃውን እንዲጠራና እንዲያነጋግር፣ ከጠየቀም የሚጽፍበት ነገር እንዲሰጠው ይፈቅዳል። ፖሊስ በማስፈራራትም ሆነ በማባበል ቃል እንዳይቀበል ይከለክላል። ከባድ ካልሆነ ወንጀል በዋስ መለቀቅን ይፈቅዳል።

ከእነዚህ መካከል ግን አንድ 59ኛ አንቀጽ አለ። ፖሊስ ምርመራውን ያልጨረሰ እንደሆነ ተጠርጣሪው በጥበቃ ሥር እንዲቆይ ሊጠይቅ ይችላል፤ ዳኛውም በእያንዳንዱ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ሊፈቅድ ይችላል። «በእያንዳንዱ ጊዜ» የምትለውን ሐረግ ልብ በሉ። ስንት ጊዜ? ሕጉ ዝም ብሏል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለመዘግየት የፈቀደው የእግር መንገድን ነበር። የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ግን የፖሊስን ያልተጠናቀቀ ሥራ በቂ ምክንያት አደረገው፤ ጣሪያም አላበጀለትም። አንድ ትልቅ መብት በሰፊ በር ገብቶ በጠባብ ቀዳዳ ሊወጣ የሚችልበት መንገድ በዚያች ሐረግ ተከፈተ።

በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ ሥራ በጀመርሁበት ሰሞን የፍርድ ቤት ወሬ እንድከታተል ተመድቤ ነበር። ከግድያና ከትልልቅ ክሶች ይልቅ በልቤ የቀረው የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ነው። አብዛኛው ጉዳይ ደቂቃዎች አይፈጅም። መርማሪው ይነሣል። «ቀሪ ምስክሮች አልሰማንም፤ የምንጠብቀው ማስረጃ አልመጣልንም፤ ተጨማሪ 14 ቀን ይፈቀድልን» ይላል። ተጠርጣሪው «ምስክሩ ቤቱ አለ፤ ያው ሰፈር ነው፤ ለምን አልተሰማም?» ይላል። ዳኛው መዝገቡን ይገልጣሉ፤ ይጽፋሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ መርማሪው ያንኑ ቃል ይደግማል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ ማንም ድምፁን ሳያሰማ፣ ማንም ሕግ ሳይጥስ፣ ሁለት ሳምንት በሁለት ሳምንት ላይ እየተደረበ አንድ ክረምት ያልፋል። እኔ በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያስተዋልሁት ነገር ቢኖር መርማሪው ሁልጊዜ ለምሳ ወደ ቤቱ መሄዱን ነው። ሰንሰለቱ ጫፉ አንድ ብቻ ሆኗል። ምርመራው ቢዘገይ ከተጠርጣሪው በስተቀር የሚጎዳ የለም፤ የማይጎዳ ሰው ደግሞ አይቸኩልም።

ሕግ ከነመጽሐፉ ሲታሰር

የሕግ መጻሕፍቱ ገና በደንብ ሳይለመዱ 1967 ዓ.ም. መጣ። ደርግ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ የቀድሞዎቹ ባለሥልጣናት በእስር ላይ ነበሩ። ጉዳያቸውን የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሥራውን ይዞ ነበር። በኅዳር ወር ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ልዩ የሥነ ሥርዓት ሕግና ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ታወጁ። «ልዩ» የምትለው ቃል በሕጋችን ታሪክ ውስጥ መልካም ነገር አስከትላ መጥታ አታውቅም። ግን በዚያው ወር፣ ኅዳር 14 ቀን ሌሊት፣ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ምንም ፍርድ ተረሸኑ። ልዩ ተብሎ የታወጀው ፍርድ ቤት እንኳ አላያቸውም።

ከተረሸኑት መካከል የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ይገኙበታል። የ48 ሰዓቱ አንቀጽ በ1948 ዓ.ም. ሲታወጅ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። እርሳቸውና ጓዶቻቸው በሥልጣን ላይ ሳሉ ያንን አንቀጽ ሕያው አድርገውት ቢሆን፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውና የሚቆረቆርለት ሕግ አድርገውት ቢሆን፣ በዚያች ሌሊት ይደርስላቸው ነበር ወይ? ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሕዝቡ ያለ ፍርድ መታሰርን በዘመናቸው ስለ ለመደው ያለ ፍርድ መገደሉን በዝምታ ማለፉ አልከበደውም የሚለውን አሳብ ወዲያ ማለት ይቸግራል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። በቀይ ሽብር ዘመን ቀበሌው አሳሪም፣ መርማሪም፣ ፈራጅም ሆነ። «ነፃ ርምጃ» የሚል ሐረግ ተፈጠረ። ነፃነቱ የገዳዩ ነው፤ ከሕግ፣ ከዳኛ፣ ከመዝገብ ነፃ መሆን። የ1949ኙ ሕግም ሆነ የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት አልተሻሩም ነበር፤ መደርደሪያ ላይ ነበሩ። አዲስ አበባ መካከል በነበረው፣ ሕዝብ «ዓለም በቃኝ» ብሎ በሰየመው ወህኒ ቤት ግን ሰዎች ያለ ክስ ዓመታት ቆጠሩ። ያ ወህኒ ቤት ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንፃ ቆሟል።

የታሪክ ፍርድ የሚገርም ነው። የደርግ ባለሥልጣናት በ1983 ዓ.ም. ከተያዙ በኋላ ዋናዎቹ ፍርድ ቤት የቀረቡት ታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ነው። የተከሰሱበት የዘር ማጥፋት አንቀጽ ራሳቸው መደርደሪያ ላይ ከተዉት ከ1949ኙ የንጉሡ ሕግ የተወሰደ ነበር። የመጨረሻው የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ለሌላው 48 ሰዓትን የነፈጉ ሰዎች እነሱም ክስ ሳይመሠረትባቸው ከሦስት ዓመት በላይ ጠበቁ። «የሥራቸው ነው» የሚል ብዙ ነው። እኔ ግን የተበዳዮቹን ቤተሰቦች አስባለሁ። እነርሱም አብረው ጠብቀዋል። ፍርዱን ሳይሰሙ የሞቱ እናቶች ስንት ናቸው? ቁራኛ በነበረ ዘመን ቢሆን ከሳሽና ተከሳሽ አብረው ይቸኩሉ ነበር። እዚህ ሁለቱም አብረው ሸበቱ።

መቅጫው ታደሰ፣ መያዣው ቀረ

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የተያዘውን ሰው መብት ከዚያ በፊት ባልታየ ስፋት አስቀመጠ። በ19ኛው አንቀጽ 48 ሰዓት ተመለሰ። ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚወስደው አግባብ ያለው ጊዜ ብቻ ከዚህ ውጪ ይታሰባል፤ የእግር መንገዱ ትዝታ ይመስለኛል። በተገደደ ቃል መፍረድ ተከለከለ። በጊዜው ያልቀረበ ሰው ፍርድ ቤት አካሉን ነፃ እንዲያወጣለት የመጠየቅ የማይገሰስ መብት አገኘ። በ20ኛው አንቀጽ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ መቆጠሩ ተረጋገጠ። ሀገሪቱ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም የሕጓ አካል ሆነ።

አዲሱ የወንጀል ሕግ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 ወጥቶ ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። «የወንጀለኛ መቅጫ» የሚለው ስም ቀርቶ «የወንጀል ሕግ» ተባለ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የግለሰብ መብት የተጠርጣሪ መብት ብቻ ስላልሆነም ሕጉ የተበደሉትን ያየበትን ማንሳት ይገባል። በ1949ኙ ሕግ ልጅ የጠለፈ ሰው ጠለፋውን በጋብቻ ካሰረው ክሱ ይቀር ነበር። ልጅቱ ከጠላፊዋ ጋር የዕድሜ ልክ ቁራኛ ትሆን ነበር ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ዓመታት ከታገሉ በኋላ አዲሱ ሕግ ይህን መውጫ ዘጋው። የሴት ልጅ ግርዛትንና በትዳር ውስጥ የሚፈጸምን ድብደባ በስማቸው ጠርቶ ወንጀል አደረገ። የጅራፉም ቅጣት ቀረ። ሕግ ሲሻሻል የሰው ሕይወት እንደሚሻሻል ማስረጃ የሚፈልግ ይህን ይመልከት።

ነገር ግን መቅጫው ሲታደስ መያዣው አልታደሰም። የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ከነ59ኛ አንቀጹ አዲሱን የወንጀል ሕግ ተቀብሎ ሥራውን ቀጠለ። በላዩ ላይ የተጨመሩት ልዩ ሕጎች ደግሞ ጊዜውን የሚያሳጥሩ ሳይሆኑ የሚያስረዝሙ ሆኑ። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ተያዙ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ሰውየው ወዲያው እንደገና ተያዙ። በቀናት ውስጥ የፀረ ሙስናው ልዩ የሥነ ሥርዓት ሕግ በአዋጅ ቁጥር 239/1993 ተሻሽሎ በሙስና የተጠረጠረ ሰው የዋስ መብት እንዳይኖረው ተደረገ። ክልከላው ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጡ ወንጀሎች ብቻ እንዲወሰን የተደረገው በ1997 ዓ.ም. ነው። ስዬ ከእስር የወጡት በ1999 ዓ.ም. ነበር። ዋስትናውን የፈቀዱት ዳኛም ኋላ ወደ ፖለቲካ ገብተው ሁለት ጊዜ ታስረዋል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከስደት ተመልሰው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አሳሪውም፣ ፈቺውም፣ ታሳሪውም ወንበር ይለዋወጣል። ሰንሰለቱን የሚሠራ ሰው መጠኑን በገዛ እጁ አንጓ ላይ ቢለካው ይበጀዋል የምለው ለዚህ ነው።

ነሐሴ 2001 ዓ.ም. የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ወጣ። 14 ቀን የነበረው ቀጠሮ በዚህ አዋጅ 28 ቀን ሆነ፤ ያውም 28 ቀን ትልቁ ሳይሆን ትንሹ ነው። ጠቅላላው እስከ አራት ወር ሊደርስ ይችላል። ዋስትና የለም። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የተያዙት የዞን 9 ጸሐፊዎችና ጋዜጠኞች ክሳቸውን የሰሙት በሐምሌ ነበር። የቡድኑ ስም የወጣው ከቃሊቲ ወህኒ ቤት ነው። ወህኒ ቤቱ ስምንት ዞኖች አሉት፤ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጪ ያለው ነው ለማለት። ምርመራው ይካሄድበት የነበረው ማዕከላዊ ውስጥ ደግሞ ታሳሪዎች ለክፍሎቹ «ጨለማ ቤት»፣ «ጣውላ ቤት»፣ «ሸራተን» የሚል ስም አውጥተው ነበር። ሸራተን የሚባለው ክስ ለመስማት የተቃረበ ሰው ትንሽ አየር የሚያገኝበት ነው። በእኛ ሀገር መከራ ቀልድ አጥቶ አያውቅም።

ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ፤ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ለጥቂት ጊዜ ለሕዝብ ተከፍቶ ታየ። ብዙ እስረኞች ተፈቱ። የሕግ ባለሙያዎች አማካሪ ጉባኤ ተቋቁሞ አፋኝ የተባሉትን ሕጎች መመርመር ያዘ። የጸረ ሽብሩ አዋጅ ተሽሮ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተካ። አዲሱ አዋጅ የሽብርን ትርጉም አጠበበ፤ ሰልፍ መውጣትን የመሰለ መብት መጠቀም ሽብር እንደማይባልም ደነገገ። ይህ ሁሉ በጎ ነው፤ በጎውን በጎ ማለት ይገባል።

በሌላ በኩል ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሀገራችንን ደጋግሞ ጎብኝቷታል። በ2009፣ በ2010፣ በ2014፣ በ2015 ዓ.ም. ታውጇል። እንዲህ ያለ አዋጅ ሲመጣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ ይፈቀዳል፤ 48 ሰዓቱም እንደ ሰዓት መቁጠሩን ያቆማል። ሕገ መንግሥቱ ለከባድ ጊዜ ይህን በር ክፍት አድርጎታል። ቢሆንም ዐሥር ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ የተከፈተ በር መስኮት መሆኑ ቀርቶ ዋና መግቢያ እየመሰለ ይሄዳል። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት «የሕዝብ መከራ በመጣ ጊዜ» ያላትን ቃል እዚህ ላይ ማስታወስ መልካም ነው።

ለመዘግየቱ ማን ይክፈል?

እንግዲህ ወደ ቁራኛው ልመለስ። ማንም ሰው ዛሬ መርማሪውን ከተጠርጣሪው ጋር በሰንሰለት እንሰር አይልም። ነገር ግን አባቶቻችን በጨበጣ ያገኙትን እውነት ዘመናዊው ሕጋችን የጣለው ይመስለኛል። መዘግየት ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ሁለቱም ወገን ካልተካፈሉት መዘግየቱ አያልቅም። ይህን በዘመናዊ መንገድ ማድረግ ይቻላል። ለጊዜ ቀጠሮ የብዛት ጣሪያ ማበጀት ይቻላል። በመጀመሪያው 14 ቀን ምን እንደተሠራ ያላስረዳ መርማሪ ሁለተኛውን እንዳያገኝ ማድረግ ይቻላል። ከሁሉም በላይ ያለ ሕግ የታሰረ ሰው ካሳ የመጠየቅ መብት አለው የሚለውን የቃል ኪዳኑን 9ኛ አንቀጽ ሰው በተግባር የሚያገኘው ነገር ማድረግ ይቻላል። ያለ አግባብ ለታሰረች እያንዳንዷ ቀን የመንግሥት ካዝና የሚከፍል ቢሆን፣ ሰንሰለቱ ሁለተኛ ጫፉን መልሶ ያገኝ ነበር።

ይህ የአንድ መንግሥት ወይም የአንድ ፓርቲ ጉዳይ አይደለም። ከላይ ያየናቸው ሁሉ፣ የዘውዱም፣ የደርጉም፣ ከዚያም በኋላ የመጡት፣ በየተራቸው ሕግ አውጪም ታሳሪም ሆነዋል። ስለ ወንጀል ፍትሕ ማሻሻያ የሚያወራ አዲስ ረቂቅ በወጣ ቁጥር ትልልቆቹ ቃላት መግቢያው ላይ ይሰለፋሉ። ሰብአዊ ክብር፣ የሕግ የበላይነት፣ ዘመናዊነት። እኔ ከመግቢያው አልጀምርም። ስለ መያዝና ስለ ጊዜ ቀጠሮ የሚናገረውን ገጽ ፈልጌ ቀኖቹን እቆጥራለሁ። «በእያንዳንዱ ጊዜ» የሚል ሐረግ ካለም፣ ከጎኑ ስንት ጊዜ እንደሆነ ተጽፎ እንደሆነ አያለሁ። የጭብጦዋ ባለቤት በሕይወት ቢኖር እርሱም ያንን ገጽ የሚያስቀድም ይመስለኛል።